የኅዳር ጢስና የእድራችን ደብተር

የሰው ጠባይ በደኅና ቀን ፈጽሞ አይታወቅም። ጎተራው ሙሉ፥ ልጁ ጤነኛ፥ ደጁም ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉም ቸር ነው፤ ሁሉም ሕግ አክባሪ ነው። ሞት ከቤት ወደ ቤት እየዞረ በሚያንኳኳበት ወራት ግን በልብ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው ነገር ይገለጣል። ስለዚህ የወረርሽኝ ታሪክ የሐኪሞችና የመድኃኒት ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የሕግና የልማድ፥ ከሁሉም በላይ የጎረቤት ታሪክ ነው። እኔም ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ነገር ሊቅ ስለ ሆንሁ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ተፈትኜበት ስለ ወደቅሁ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ፥ ላንቻ በተባለው ሰፈር ነው። ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በመሿለኪያ በኩል ወደ ጎተራ የሚወርደው መንገድ በሰፈራችን ያልፋል። ላንቻ የጣልያን መኪና ስም ነው፤ ዛሬ ግን ስሙን የሚጠራው ሁሉ መኪናውን አያስታውስም። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው ባቡር በአጠገባችን ይመላለሳል፤ የጭቃ ቤቶቹ ብዙዎቹ ፈርሰው በምትካቸው ፎቅ ቆሟል። ይህ ሁሉ ሲለዋወጥ ሳይለወጥ የቆየ አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፥ የቅዱስ ሚካኤል በዓል በሚውልበት ዕለት፥ ሰው ሁሉ ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን በደጁ ይከምርና እሳት ይለኩስበታል። ሰፈሩ በጢስ ይሸፈናል። «ኅዳር ሲታጠን» እንላለን። ልጆች በእሳቱ ዙሪያ ይሯሯጣሉ፤ ስለ ምን እንደሚነድ የሚጠይቅ ልጅ ግን ጥቂት ነው፤ የሚመልስ ዐዋቂም ከዚያ ያነሰ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፥ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ የጠራው ኀይለኛ ጉንፋን አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ወር፥ ኅዳር 2 ቀን፥ በአውሮፓ የነበረው ታላቁ ጦርነት ቆሟል፤ ነገር ግን ጦርነቱ ካጠፋው ሕዝብ ይልቅ በሽታው ያጠፋው እንደሚበልጥ ይገመታል። በዓለም ሁሉ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ሊቃውንት ይናገራሉ። ወደ አገራችን ሲመጣም በሩ ተከፍቶለት ነበር፤ የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ ከደረሰ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም። ዕቃና ሰው ያመጣ መንገድ በሽታም ያመጣል።

በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ከሞት አፋፍ ተመልሰዋል። ኋላ ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» በተባለው መጽሐፋቸው በአዲስ አበባ ብቻ ከ10,000 ሰው በላይ እንዳለቀ ጽፈዋል። ከተማዪቱ ያን ጊዜ ትንሽ ነበረችና ይህ ቍጥር ስንቱን ቤት እንደ ዘጋ አንባቢ ራሱ ይገምት። ይህ በሽታ ከሌላው ጉንፋን የተለየበትም ነገር ነበር፤ ሕፃኑንና ሽማግሌውን ብቻ ሳይሆን በጕልበቱ የሚመካውን ጎልማሳ ይጥል ነበር። የሚቀብረው ጎልማሳ ሲሞት ማን ይቀብር?

አያቴ ያን ጊዜ የ12 ዓመት ልጅ ነበሩ። እኔ ልጅ ሳለሁ፥ ኅዳር 12 ቀን እሳቱ ሲነድ ከአጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዩትን ይነግሩኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ እንደ ተበላ፥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተቀቅሎ እንደ ታጠኑበት ይናገሩ ነበር። በየቤቱ በሽተኛው ውሃ ሲለምን የሚያቀብለው ጠፍቶ በጥም እንደ ሞተ፥ ሬሳ በሰሌን ተጠቅሎ ሁለት ሦስቱ በአንድ ጕድጓድ እንደ ገባ፥ ጕድጓዱም ጥልቅ ስላልነበረ ማታ ማታ ጅብ እንደ ቈፈረ ይናገሩ ነበር። ሁልጊዜ ግን ድምፃቸው የሚሰበረው ስለ ጅቡ ሲያወሩ አልነበረም። «የጎረቤታችን በር ተዘግቶ ሦስት ቀን ሰነበተ። ከውስጥ ሲያቃስቱ እንሰማ ነበር። እናቴ እንዳልሄድ ያዘችኝ። በአራተኛው ቀን ዝም አሉ» ይሉና እሳቱን በእንጨት እየቈሰቈሱ ይቀመጡ ነበር።

አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ታሪክ ላይ ሦስት ነገር እንመልከት። አንደኛ፥ ያን ጊዜ ዕውቀት አልነበረም። ይህ ግን የእኛ ብቻ ጕድለት አይደለም፤ በሰው ላይ የሚወርደው የኢንፍሉዌንዛ ተሕዋሲ በቤተ ሙከራ የተለየው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ነው፤ በ1911 ዓ.ም. የለንደንም የፓሪስም ሐኪም ጠላቱን አላየውም ነበር። አባቶቻችን በሽታው በመጥፎ አየር የሚመጣ መስሏቸው ጥራጊውን አቃጠሉ። ስለ ተሕዋሲው ተሳስተዋል፤ ንጽሕና ያስፈልጋል በማለታቸው ግን አልተሳሳቱም። ሁለተኛ፥ ልማድ ተሰበረ። በአገራችን ከመውለድና ከማግባት ይልቅ የሚከበረው ቀብር ነው፤ ጠላት እንኳ ለቅሶ ይደርሳል። በዚያ ኅዳር ግን አልቃሽ ጠፋ። ሦስተኛ፥ የሚያዝዝና የሚደግፍ የጤና ሕግ ገና አልተሠራም ነበር።

ሕግ በነበረበት አገርም ቢሆን ሕጉ ሁልጊዜ ለሕዝብ አልበጀም። ይህን በሽታ የአውሮፓ ሰዎች «የእስፓንያ በሽታ» ይሉታል፤ ከእስፓንያ ስለ ተነሣ ግን አይደለም። የሚዋጉት መንግሥታት ጋዜጦቻቸውን በሕግ አፍነው የበሽታውን ወሬ ሲደብቁ፥ በጦርነቱ ያልገባችው እስፓንያ ግን የሆነውን በጋዜጣ አወጣች፤ እውነት የተናገረችው አገር የበሽታው ስም ተለጠፈባት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረታችን ለሰው ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም ይሠራል ማለት ነው።

በአገራችን የጤና ሕግ የመጣው ከጠላት ወረራ በኋላ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ጀመረ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1947 የሕዝብ ጤና ዐዋጅ ቍጥር 91 ወጣ፤ በ1940 ዓ.ም. ገደማም የጤና ጥበቃ ሥራ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመለት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ተላላፊ በሽታ በሰው ላይ ማዛመትን ወንጀል አደረገ፤ በ1996 ዓ.ም. ወጥቶ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ይህንኑ በአንቀጽ 514 ደነገገ። እነዚህ ሕጎች መልካም ናቸው። ነገር ግን ሕግ ሁሉ እንደ ቢላዋ ነው፤ እንጀራ ይቈርሳል፥ ሰውም ያቈስላል። ነገሩ ያለው በያዘው እጅ ላይ ነው። ይህንንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገዛ እጄ ነው።

በ1976 ዓ.ም. ከሰው ከተወሰደ ደም ውስጥ የኤች አይ ቪ ተሕዋሲ በአገራችን መኖሩ ታወቀ፤ በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ተለይተው ታወቁ። በ1980ዎቹ ውስጥ በሽታው በየሰፈሩ ገባ። ከኅዳር በሽታ በአንድ ነገር ይለያል፤ ያኛው በኅዳር ወር መጥቶ እንደ ጐርፍ ሲያልፍ፥ ይህኛው እንደ ምስጥ ዓመት ሙሉ በስውር ይበላ ነበር። ስሙንም የሚጠራ አልነበረም። «ያ ነገር» ይባል ነበር፤ ወይም «ሳንባ ነው»፥ ወይም «ምች ነው» ይባል ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ገደማ እኔ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበርሁ። እድራችን እንደ ማንኛውም እድር ዳኛ፥ ጸሐፊ፥ ገንዘብ ያዥና ጡሩምባ ነፊ ነበረው፤ ድንኳን፥ አግዳሚ ወንበር፥ ብረት ድስትና ሰሐን ነበረው። መተዳደሪያ ደንብም ነበረው። ከደንቡ አንዱ «መዋጮውን ሦስት ወር በተከታታይ ያልከፈለ አባል ከአባልነት ይሠረዛል» ይላል። ደንቡ የተሠራው ሰነፉን ለማትጋት ነበር። በእውነቱ ማንንም ሠርዘንበት አናውቅም ነበር፤ አባል ቢዘገይ ልጅ ልከን እናስታውሰዋለን፥ ጥቂት መቀጫ ጨምሮ ይከፍላል፥ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ከአባሎቻችን አንዱ ልብስ ሰፊ ነበር። ስሙን አልጽፍም። ሚስቱ ከሞተች አንድ ዓመት ሆኗት ነበር፤ ከአሮጊት እናቱና ከአንዲት ትንሽ ልጁ ጋር ይኖር ነበር። እየከሳ ሄደ፤ መኪናውን መርገጥ አቃተው፤ ደንበኞቹም ልብሳቸውን እያመካኙ ወሰዱ። አራት ወር ሳይከፍል ቀረ። እኔም ደብተሩን ገልጬ ስሙን በቀይ ቀለም ሠረዝሁ። ዳኛው ፈረመ። ማንም ሰው ስለ በሽታው አንድ ቃል አልተናገረም። ምን አስፈለገ? ደንቡ ይናገርልን ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ። የከፈትሁ ጊዜ ልጂቱ ቆማለች፤ ዘጠኝ ወይም ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ ይዛለች። «ጋሼ፥ አባዬ የእድሩን ላከ፤ የአራቱንም ወር ነው» አለችኝ። እኔም «ጊዜው አልፏል ልጄ፤ ደንብ ነው በያት» አልኋት። እጇን እንደ ዘረጋች ጥቂት ቆመችና ተመለሰች።

አንባቢ ሆይ፥ ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ያልነገርሁትን ልንገርህ። ያን ገንዘብ ያልተቀበልሁት ደንቡ ስለ ከለከለኝ አልነበረም። መሐረቡን መንካት ፈርቼ ነው። ፍርሃት ራቁቱን ወደ አደባባይ ለመውጣት ያፍራል፤ ስለዚህ የሕግ ካባ ይለብሳል። ካባውን ከለበሰ በኋላ ማንም አያውቀውም፤ የለበሰው ሰው ራሱም ይረሳዋል።

ሰውዬው በነሐሴ ሞተ። ጡሩምባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ዝናም ስለ ነበር እናቱ ለቅሶ የተቀመጡት ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ነበር። ወደ ዮሴፍ መቃብር የሸኙት ሰዎች ስምንት ነበሩ፤ በአጥሬ ቀዳዳ ቈጥሬአቸዋለሁ። ያን ሌሊት የአያቴ ነገር ትዝ አለኝ፤ «በአራተኛው ቀን ዝም አሉ» ያሉት። በ1911 ዓ.ም. ሰዎቹ የተዉት የሚገድላቸውን እስትንፋስ ሸሽተው ነው፤ ይህም ምክንያት ነው። እኔ ግን በሰላምታ፥ በገንዘብም ሆነ በድንኳን ከማይተላለፍ በሽታ ሸሸሁ። እነርሱ ሐኪምም ሕግም አጥተው ነበር፤ እኔ ሬዲዮ እየሰማሁ፥ ጋዜጣ እያነበብሁ፥ ደብተርና ደንብ ይዤ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ እናቱን በቤተ ክርስቲያን ደጅ አገኘኋቸው። ይሰድቡኛል ብዬ ስፈራ «እንደምን አደርህ ልጄ፥ ልጆችህ ደኅና ናቸው?» አሉኝ። ስድብ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

በእነዚያ ዓመታት ነገሩ ቀስ በቀስ ይለወጥ ጀመር። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተሕዋሲው በደማቸው ያለ ሰዎች መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉትን ማኅበሮች አቋቁመው በአደባባይ ወጥተው ተናገሩ። በ1990 ዓ.ም. መንግሥት ስለ ኤች አይ ቪ ብሔራዊ ፖሊሲ አወጣ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 377 ሠራተኛ ለጤና ምርመራ የመቅረብ ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ የኤች አይ ቪን ምርመራ ለይቶ አስቀረ። ይህች ትንሽ ቃል ለብዙ ሰው እንጀራ ጠባቂ ሆነች፤ ያ ዐዋጅ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ዐዋጅ ቢተካም በዘመኑ የሠራው ሥራ አይረሳም። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሜ የሚያራዝመው መድኃኒት በነጻ መታደል ጀመረ።

በአዲስ አበባ ብዙ እድሮች ደንባቸውን የለወጡት በዚህ ዘመን ነው። የእኛም እድር በጠቅላላ ስብሰባው አንዲት የጤና ባለሞያ ጋብዞ በሽታው በምን እንደሚተላለፍና በምን እንደማይተላለፍ ሰማን። ከዚያ በኋላ ተነሥቼ ስሙን በቀይ ቀለም ስለ ሠረዝሁት ሰው ተናገርሁ፤ ስለ መሐረቡ ግን ለመናገር ድፍረት አጣሁ። ታሞ መክፈል ያቃተው አባል እንዳይሠረዝ፥ ለቀብሩ ከሚሰጠውም ገንዘብ ከፊሉ በሕይወት ሳለ ለምግብና ለሕክምና እንዲሰጠው ሐሳብ አቀረብሁ። አንድ ሽማግሌ አጥብቀው ተቃወሙ። «እድር የቆመው ለሞተ ሰው ነው፤ ለታመመ ሁሉ ከሰጠን ሳጥኑ ባዶ ይሆንና የምንቀበርበት እናጣለን» አሉ። ንግግራቸው ክፋት አልነበረበትም፤ በዚያ ዓመት ቀብሩ ስለ በዛ ሳጥኑ በእርግጥ ሳስቶ ነበር። በመጨረሻ በየወሩ መዋጮ ላይ 1 ብር ተጨምሮ ሐሳቡ ጸደቀ። ሽማግሌውም ኋላ ታመው በዚያው ደንብ ተረድተዋል። ማንም ሕግ አውጪ ሕጉ በራሱ ላይ የሚሠራበትን ቀን አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት አለፈ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በአገራችን መግባቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ መጨባበጥም ተከለከለ። ሕጉ እጁን የዘረጋው በጣም በምንወድደው ልማዳችን ላይ ነበር፤ በመሳሳም፥ በማዕድና በለቅሶ ላይ። ብዙ ሰው አዘነ፤ ሕጉን የተላለፈም ብዙ ነበር። እኔ ግን አባቶቻችን በ1911 ዓ.ም. ቢያገኙት የሚመኙት ዐዋጅ ይህ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ይህኛው በሽታ እንደ ኅዳሩ በእስትንፋስ ይተላለፋልና። በመንግሥት ተመዝግቦ የታወቀው ሟች ብቻ ከ7,500 በላይ ነው።

በዚያ ወራት እኔ ሽማግሌ ሆኜ ከቤት አልወጣም ነበር። አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ሴት አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ቆማለች። በዓይኗ ዐወቅኋት፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት። አድጋ፥ አግብታ፥ በራሷ ስም የእድራችን አባል ሆናለች። በሳሕን እንጀራና ወጥ ይዛ መጥታ ነበር። ሳሕኑን ከደፉ ላይ አኖረችና ሁለት ርምጃ ወደ ኋላ ራቀች። «ጋሼ፥ እንዳልጠጋዎት ነው፤ እኔ ብዙ ቦታ እወጣለሁ። ከብሉ በኋላ ሳሕኑን እዚያው ይተዉት፤ ነገ እወስደዋለሁ» አለችኝ።

በዚያው በር፥ በዚያው ደፍ ላይ፥ ከሃያ ዓመት በፊት በእርስዋና በእኔ መካከል የነበረው ርቀትም ሁለት ርምጃ ነበር። ርቀቱ አንድ ነው፤ ልቡ ግን አንድ አይደለም። እኔ የራቅሁት ራሴን ለማዳን ነበር፤ እርስዋ የራቀችው እኔን ለማዳን ነው። ያን ዕለት ስለ መሐረቡ ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለችና «አውቄዋለሁ ጋሼ፤ ልጅ ሁሉ ያውቃል» አለችኝ። ሳሕኑን ግን በማግሥቱ መጥታ ወሰደች፤ ሞልታም መለሰች።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ወረርሽኝ በመጣ ጊዜ ሕግ ያስፈልጋል፤ በዕውቀት የተሠራ ሕግ። መራቅ ሲገባ መራቅ፥ መቅረብ ሲገባ መቅረብ የምንችለው በሽታው በምን እንደሚሄድ ስናውቅ ነው። ነገር ግን ሕግን ይዘን በሌላው ፊት በራችንን የዘጋን እንደ ሆነ፥ ከመተኛታችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ የራቅሁት ማንን ለማዳን ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚያጣ ሰው ደብተሩ ቢጸዳም እጁ ንጹሕ አይደለም።

ኅዳር 12 ቀን ሲመጣ አሁንም ደጄን እጠርጋለሁ። ጢሱ የከተማውን አየር እንደሚበክል፥ ሳንባ ለታመመም እንደማይበጅ ስለ ተረዳሁ ጥራጊውን አላቃጥልም፤ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ለጽዳት ሠራተኞች እሰጣለሁ። የሰፈሩን ልጆች ግን ጠርቼ በአያቴ በርጩማ ላይ እቀመጥና በ1911 ዓ.ም. ስለ ተዘጋው በር፥ በ1990 ዓ.ም. ስለ ተመለሰው መሐረብ፥ በ2012 ዓ.ም. ደፍ ላይ ስለ ተቀመጠው ሳሕን እነግራቸዋለሁ። ጢሱ ቢቀር አይጎዳንም፤ ነገሩ ቢረሳ ግን ይጎዳናል።